30 መክሊት ወርቅ፦ ሰናክሬም ይሁዳን ሲወር መጽሐፉ ምን አለ፣ ሸክላው ምን አለ፣ አፈሩስ?

2ኛ ነገሥት 18፥14 ላይ ብዙዎቻችን አንብበን የምናልፈው ቁጥር አለ። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለአሦር ንጉሥ ለሰናክሬም 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ተጣለበት፣ እሱም የቤተ መቅደሱ ደጆች ላይ የተለበጠውን ወርቅ ሳይቀር ልጦ ላከለት ይላል። አሁን ደግሞ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ስድስት ጎን ያለው፣ ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከላይ እስከ ታች በሽብልቅ ጽሕፈት የተሞላ የሸክላ ዕቃ ቁጭ ብሏል። ከነነዌ ፍርስራሽ (ያው ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ሞሱል ያለችበት) በ1830 ነው የተገኘው፣ ኮሎኔል ቴይለር የሚባል እንግሊዛዊ እጅ ስለገባ ቴይለር ፕሪዝም ይሉታል። የተጻፈው በሰናክሬም ዘመን በራሱ በሰናክሬም ስም ነው፣ እኔ እንዲህ አደረግኩ እኔ እንዲህ ቀጠቀጥኩ እያለ ነው የሚሄደው። እና ሕዝቅያስ ስንት ወርቅ ገበረ ይላል? 30 መክሊት። ብሩ ግን 800 ነው።

እኔ ይሄን ጉዳይ የምወደው ለዚህ ነው። "አርኪዮሎጂ መጽሐፍ ቅዱስን አረጋገጠ" የሚለው ሰውዬ 30ዋን ይዞ ይሮጣል፣ "ተረት ነው" የሚለው ደግሞ 800ውን ይዞ ይሮጣል፣ ሁለቱም ቁጭ ብለው ሙሉውን አያነቡም። እኛ እናንብበው፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት መጣ የሚለውን። ሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት፣ ሰማርያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ በአሦር እጅ ወድቋል (ከዚህ በኋላ የጥንቱን ዘመን ዓመት ስጠራ ሁሌ ከልደት በፊት ማለቴ ነው፣ የቁፋሮዎቹን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር)። ይሁዳ እየገበረች ተርፋለች። በ705 የአሦር ንጉሥ ሳርጎን ጦር ሜዳ ላይ ሞተ፣ ሬሳው እንኳን አልተገኘም፣ ያኔ በየአቅጣጫው ያለ ገባሪ ሁሉ አሁን ነው ጊዜው አለ። ሕዝቅያስም ግብሩን አቆመ። አቃሮን የምትባለው የፍልስጥኤማውያን ከተማ ሰዎች ደግሞ ለአሦር ታማኝ የሆነውን ንጉሣቸውን ፓዲን በሰንሰለት አስረው ለሕዝቅያስ አስረከቡት። ይሄን የሚነግረን መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም፣ ፕሪዝሙ ነው። ለረጅም ጊዜ ፓዲ የሚባለው ሰው ሸክላ ላይ ብቻ ያለ ስም ነበር፣ በ1996 ግን አቃሮን በተቆፈረችበት ቦታ በገዛ ልጁ የተጻፈ የቤተ መቅደስ ድንጋይ ወጣና የፓዲ ስም እዛው አገሩ ላይ ተገኘ።

የሳርጎን ልጅ ሰናክሬም መጀመሪያ ባቢሎንን አስተካክሎ በ701 ወደ ምዕራብ ዞረ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለቱም ወገን ጽፎታል። ፕሪዝሙ፦ 46 ቅጥር ያላቸውን የሕዝቅያስ ከተሞች ያዝኩ፣ 200,150 ሰው አወጣሁ፣ እሱን ራሱን ኢየሩሳሌም ውስጥ በቀፎ እንዳለ ወፍ ዘጋሁበት ይላል። መጽሐፉም ሰናክሬም በተመሸጉት የይሁዳ ከተሞች ሁሉ ላይ መጥቶ ወሰዳቸው ሲል አይደብቅም፣ በአንድ ቁጥር ዘግቶት ያልፋል እንጂ። የ200,150ውን ቁጥር ብዙ ተመራማሪ የተጋነነ ነው ይላል፣ የአሦር ጸሐፊ ደግሞ ቁጥር ላይ ቸር ነው።

ግን ልብ ብላችሁ አንብቡት። በቀፎ እንዳለ ወፍ ዘጋሁበት። ያዝኩት አላለም! ይሄ ንጉሥ እኮ ከተማ ሲይዝ አፈረስኩ፣ በእሳት አቃጠልኩ፣ ንጉሡን ወሰድኩ ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ስለ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ግን ዙሪያዋን ምሽግ ሰራሁ፣ በሯ የሚወጣውን ከለከልኩ፣ ሕዝቅያስ ግርማዬን ፈራ፣ ከዚያ ግብሩን ከሴቶች ልጆቹና ከዘፋኞቹ ጋር ወደ ነነዌ ላከልኝ ብሎ ያልፋል። ወደ ነነዌ ላከልኝ፣ ማለትም እሱ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ። ኢየሩሳሌም አልወደቀችም፣ ሕዝቅያስም ዙፋኑ ላይ ቀረ። ይሄን ደግሞ የሚመሰክረው ጠላት ነው፣ ያውም ሳያስበው።

ታዲያ ሰናክሬም ስለዚህ ዘመቻ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ምን አስቀረጸ ብትሉ ለኪሶን ነው። ኦስተን ሄንሪ ላያርድ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ ነነዌን ሲቆፍር የሰናክሬም ቤተ መንግሥት ውስጥ ዙሪያውን ግድግዳው በሙሉ የአንዲት ከተማ ከበባ የተቀረጸበት ክፍል አገኘ። ከንጉሡ ምስል ፊት ለፊት በሽብልቅ ጽሕፈት ሰናክሬም የዓለም ንጉሥ በዙፋኑ ተቀመጠ የለኪሶም ምርኮ በፊቱ አለፈ የሚል ጽሑፍ አለ። የሚገርመው ፕሪዝሙ ላይ ለኪሶ በስሟ አንድም ቦታ አልተጠራችም፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ኢየሩሳሌም የለችም። ሰው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ያሸነፈበትን ፎቶ ነው አይደል።

መጽሐፉ ስለ ለኪሶ ያለን ነገር ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ሕዝቅያስ በድያለሁ ብሎ መልእክተኛ የላከው ለኪሶ ላለው ሰናክሬም ነው፣ ሰናክሬምም ተርታንን፣ ራፌስንና ራፋስቂስን ወደ ኢየሩሳሌም የሰደደው ከለኪሶ ነው። በቃ። ከተማዋ ምን ሆነች፣ ሰዉ የት ገባ የሚል ቃል የለም። (በነገራችን ላይ እነዚህ ሶስቱ ልጅ ሆነን የሰው ስም የሚመስሉን ነበሩ አይደል? የአሦር ሰነዶች ሲነበቡ የሹመት ስሞች ሆነው ተገኙ፣ ተርታን የጦር አዛዥ፣ ራፋስቂስ የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ። እኛ አገር ራስና ደጃዝማች እንደምንለው ማለት ነው። የነገሥቱ ጸሐፊ የአሦርን ቤተ መንግሥት ማዕረግ አጥርቶ ያውቃል፣ እንዲህ ያለው ትንሽ ዝርዝር ለኔ ከትልቁ ይበልጣል።)

እዚህ ጋር ነው አፈሩ የሚናገረው። ለኪሶ ከኢየሩሳሌም በደቡብ ምዕራብ፣ ቴል ኤድ ዱዌር በሚባል ጉብታ ላይ ናት። ከ1932 ጀምሮ የእንግሊዝ ቡድን በጄምስ ስታርኪ መሪነት ቆፈራት፣ ስታርኪ ግን በጥር 1938 ወደ ኢየሩሳሌም የሙዚየም ምረቃ ሲሄድ መንገድ ላይ ታጣቂዎች ገደሉት። ስራው ለባልደረቦቹ ቀረ፣ በተለይ ለኦልጋ ተፍኔል። ቦታው ላይ በእሳት የወደመ ንብርብር አለ፣ ሶስተኛው ንብርብር ይሉታል፣ ስታርኪ ይሄን ያቃጠሉት ባቢሎናውያን ናቸው በ597 ብሎ ነበር። ተፍኔል የሸክላውን ዓይነት አገላብጣ አይ ይሄ በጣም የቆየ ነው፣ የሰናክሬም ነው አለች። ትልልቅ ስም ያላቸው ሰዎች ተቃወሟት፣ ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ፣ ከ1973 ጀምሮ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ኡሲሽኪን እንደገና ቆፍሮ ልክ መሆኗን አሳየ። ይሄን ያነሳሁት ምክንያት አለኝ፣ ቁፋሮ ላይ ዓመተ ምሕረት ተጽፎ አይወጣም፣ አመድ ነው የሚወጣው፣ አመዱ የማን ነው የሚለውን ሰው ነው የሚከራከርበት።

ኡሲሽኪን ያገኘውን ነገር ሳነብ እኔ ጸጉሬ ነው የቆመው። ከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላይ አሦራውያን የከመሩት ድልድል አለ፣ ያ መጽሐፍ ቅዱሳችን አፈር መደልደል የሚለው ነገር፣ ከሜዳ ተነስቶ እስከ ግንቡ የሚደርስ የድንጋይ ቁልል። በቁፋሮ በአካል የተገኘ ብቸኛው የአሦር ድልድል ነው ይላሉ። በ2021 የወጣ ጥናት ሲያሰላው በአማካይ 6.5 ኪሎ የሚመዝን ወደ 3 ሚሊዮን ድንጋይ ይሆናል አለ። ሶስት ሚሊዮን! ከውስጥ በኩል ደግሞ የከተማዋ ሰዎች ግንቡ ሲፈርስ ሌላ መከላከያ እንዲሆን በጥድፊያ የከመሩት የራሳቸው ድልድል አለ፣ ከውጪው ፊት ለፊት። በመሃል በመቶዎች የሚቆጠሩ የብረት ፍላጻ ጫፎች፣ የወንጭፍ ድንጋዮች፣ አንድ የብረት ሰንሰለትም ተገኝቷል፣ ሰንሰለቱን ከግንቡ ላይ ወርውረው የግንብ መደርመሻውን ለመያዝ ነው ተብሎ ይገመታል። ነነዌ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ደግሞ ይሄው ነው፣ ድልድሉ ላይ የሚገፋው መደርመሻ፣ ከላይ የሚወረወር ችቦ፣ አሦራዊው ወታደር ማሽኑ እንዳይቃጠልበት በረጅም ጭልፋ ውሃ ሲያፈስበት፣ ወንጭፈኞች፣ ቀስተኞች፣ እንጨት ላይ የተሰኩ ሶስት እርቃናቸውን የሆኑ ሰዎች። ስታርኪም ጉብታው አጠገብ ዋሻ ውስጥ ወደ 1,500 የሚሆን ሰው አጥንት ተከምሮ አግኝቶ ነበር፣ ብዙዎች ከዚሁ ከበባ ጋር ያያይዙታል።

በየይሁዳ ከተማው፣ በተለይ ለኪሶ፣ እጀታቸው ላይ ማኅተም ያለባቸው ትልልቅ የዘይትና የወይን እንስራዎችም ወጥተዋል፣ እስካሁን ማኅተም ያለበት እጀታ ከ2,000 በላይ ተቆጥሯል። ማኅተሙ "ለመለክ" ይላል፣ ለንጉሡ ማለት ነው። "ለ"ዋ የኛዋ "ለ" ናት፣ "መለክ"ም ግዕዝ መለከ ገዛ ከሚለው፣ አምላክም ከወጣበት ሥር ነው። ተፍኔል የተከራከረችለት ዓመት ትክክል ከሆነ እነዚህ እንስራዎች የሕዝቅያስ የመንግሥት ስንቅ ናቸው፣ ብዙ ተመራማሪም ለዚሁ ጦርነት ዝግጅት ያደርጋቸዋል።

ወደ ኢየሩሳሌም እንመለስ። ናህማን አቪጋድ የሚባለው አርኪዮሎጂስት ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ አሮጌው ከተማ ውስጥ አይሁድ ሰፈር ሲቆፍር 7 ሜትር ስፋት ያለው ግንብ አገኘ፣ ቁመት አይደለም ስፋት ነው ያልኩት። ግንቡ ቀድሞ ሰው ይኖርባቸው የነበሩ ቤቶችን ቆርጦ ነው የሚያልፈው። ኢሳይያስ 22፥10ን አውጥታችሁ እዩ፣ ቅጥሩን ለማጠንከር ቤቶችን አፈረሳችሁ ብሎ የሚወቅሰውን። ነቢዩ ተቆጥቶ የጻፈው ነገር ድንጋይ ሆኖ ወጣ ማለት ነው።

ውሃውስ? 2ኛ ዜና 32 ሕዝቅያስ የግዮንን ምንጭ ዘግቶ ወደ ዳዊት ከተማ ምዕራብ አወረደው ይላል። ዋሻው አለ፣ ዛሬም ውሃ ውስጥ እየተራመዳችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ 533 ሜትር፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሰሊሆም መጠመቂያ ይወጣል። በ1880 አንድ ተማሪ ልጅ እዛ ሲንቦጫረቅ ግድግዳው ላይ ስድስት መስመር ጽሑፍ አገኘ። ጽሑፉ ስለ ቆፋሪዎቹ ነው፣ ከሁለቱም ጫፍ ተነስተው ሲቆፍሩ ሶስት ክንድ ሲቀራቸው አንዱ ሰው ሌላውን ሲጣራ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ዶማ ለዶማ ተገናኙ፣ ውሃውም ከምንጩ ወደ መጠራቀሚያው 1,200 ክንድ ሄደ። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይሄን ጥንታዊ ዕብራይስጥ ሲሰማ ግማሹን ይይዘዋል፣ ድምፅ "ቆል" ነው እንደ ቃል፣ ውሃው "ማይም" ነው እንደ ማይ፣ ክንዱ "አማ" ነው እንደ እመት፣ ምንጩ "ሞጻ" ነው እንደ ሙፃእ። ግን ጽሑፉ ላይ የሕዝቅያስ ስም የለም፣ የማንም ንጉሥ ስም የለም። በዚህ ምክንያት በ1990ዎቹ ሁለት ምሁራን ዋሻው ከሕዝቅያስ በጣም የኋላ ነው ብለው ተነሱ፣ በ2003 ግን የዋሻው ልስን ውስጥ የተገኘ የዕፅዋት ቅሪት በራዲዮካርቦን ተለክቶ 700 ገደማን ሰጠ። አንዳንዶች ደግሞ ከሕዝቅያስ ትንሽ ይቀድማል ይላሉ፣ ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ጽሑፉ ራሱ በኦቶማን ዘመን ከግድግዳው ተፈልፍሎ ሲወጣ ተሰባበረ፣ አሁን ኢስታንቡል ሙዚየም ነው ያለው።

የንጉሡ ስም ሌላ ቦታ ተገኘ። ኤላት ማዛር በ2009 ከቤተ መቅደሱ ተራራ በስተደቡብ ስትቆፍር የወጣው አፈር ሲታጠብ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን የጭቃ ማኅተም ተገኘች፣ ጽሑፏ ተነብቦ በ2015 ይፋ ሆነ፦ ለሕዝቅያሁ የአካዝ ልጅ የይሁዳ ንጉሥ። መሃሏ ላይ ክንፍ ያላት ፀሐይ አለች፣ ከጎንና ጎኗ የግብፆች የሕይወት ምልክት። የነሐሱን እባብ የሰባበረው፣ የኮረብታ መስገጃዎችን ያፈረሰው ንጉሥ ማኅተሙ ላይ የግብፅ ምልክት! ሰውዬው ፖለቲከኛም ነበር። ራፋስቂስ ግብፅን የተቀጠቀጠ ሸምበቆ ብሎ ሲያላግጥበት የነበረው ለካ በደንብ አውቆ ነው።

ይሄ ደግሞ ወደ ቲርሐቅ ይወስደናል፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ይሄን ምዕራፍ የሚያስታውሰው በሱ ነው። 2ኛ ነገሥት 19፥9 የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሊዋጋ መጣ የሚል ወሬ ለሰናክሬም ደረሰው ይላል። ዕብራይስጡ ኩሽ ነው የሚለው፣ መናገሻው ናፓታ፣ ዛሬ ሰሜን ሱዳን ያለው መንግሥት ነው፣ በዛን ሰዓት ግብፅን ጭምር ይገዛ ነበር። ቃሉ በግሪኩ በኩል ኢትዮጵያ ሆኖ መጣልን። እኔ ብዙ ጊዜ ቲርሐቅ አክሱም ነበር፣ ጎንደር ነበር የሚል ነገር ሰምቻለሁ፣ አልነበረም፣ ፒራሚዱ ኑሪ ላይ ነው፣ ሱዳን፣ ከውስጡ ከ1,000 በላይ ትንንሽ የድንጋይ ሐውልቶች ወጥተዋል። ሰውዬው በራሱ በቂ ነው፣ እኛ ልንጨምርለት አያስፈልግም። ፕሪዝሙም የግብፅ ነገሥታትና የመሉሓ ንጉሥ (አሦሮች ኩሽን እንዲያ ነው የሚሉት) ሠረገሎችና ቀስተኞች ኤልተቄ ላይ ተሰልፈውብኝ መታኋቸው ይላል፣ ስለዚህ የኩሽ ጦር መምጣቱ በሁለቱም በኩል አለ።

አንድ ችግር አለ ግን። ቲርሐቅ የነገሠው በ690 ነው፣ ጦርነቱ 701። ሱዳን ካዋ በሚባል ቦታ የተገኙት የራሱ ጽሑፎች ላይ በ20 ዓመቱ ገና ልዑል እያለ ከጦር ጋር ወደ ሰሜን መውረዱን ይናገራል፣ ብዙዎች በዛን ጊዜ ጦር መሪ ነበር፣ ጸሐፊው በኋላ በያዘው ማዕረግ ጠራው ይላሉ። ለኔ ይሄ አሳማኝ ነው፣ እኛም ጃንሆይ በ1909 ምናምን እያልን እናወራለን እኮ፣ ያኔ ገና ራስ ተፈሪ ናቸው።

አሁን የቀረው ከባዱ ነው። የእግዚአብሔር መልአክ በአንድ ሌሊት ከአሦር ሰፈር 185,000 ገደለ የሚለው። ይሄን የሚያሳይ ቁፋሮ የለም፣ ፕሪዝሙም ዝም ነው፣ እሱማ ሽንፈቱን መቼ ሊጽፍ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ ግብፅ የሰማውን ሲጽፍ የሰናክሬም ጦር ላይ በሌሊት አይጦች ወርደው የቀስቱን ጅማትና የጋሻውን ማንገቻ በሉት ይላል፣ ቦታው ግን ግብፅ ድንበር ነው። አንዳንዱ አይጥ ሲሰማ ወረርሽኝ ነው ብሎ ያገናኛል፣ እኔ ይሄ ትንሽ ተጎትቶ የመጣ ይመስለኛል። ሰናክሬም የፈለገውን አብዛኛውን ነገር አግኝቷል፣ ፓዲ ተመልሷል፣ የይሁዳ መሬት ለፍልስጥኤም ከተሞች ተቆርሶ ተሰጥቷል፣ ወርቁ መጥቷል፣ ለመመለስ ይሄ ይበቃል የሚል ታሪክ ጸሐፊ ብዙ ነው። ሆኖም ያመፀ ንጉሥን ዙፋኑ ላይ ትቶ መሄድ የአሦር ልማድ አይደለም፣ ያ ጥያቄ ሆኖ ይቀራል። አማኝ የሆነ ሰው መልሱን ያውቃል፣ አካፋ ግን መልአክ አያወጣም፣ አካፋን በዚህ መውቀስም ሆነ አካፋ ባለማግኘቱ መደሰት ሁለቱም አይገባኝም። አፈር የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፣ ኢየሩሳሌም ላይ የዛን ዘመን የቃጠሎ ንብርብር የለም፣ ድልድልም የለም። 19፥32 አፈር አይደለድልባትም እንዳለው።

ምዕራፉ ሲዘጋ ሰናክሬም ነነዌ ተመልሶ ሲሰግድ ልጆቹ አደራሜሌክና ሳራሳር ገደሉት፣ ልጁ አስራዶንም ነገሠ ይላል። ስታነቡት በማግስቱ ይመስላል፣ ግን በመሃል 20 ዓመት አለ፣ የሞተው በ681 ነው። የባቢሎን ዜና መዋዕል ልጁ በአመፅ ገደለው ብሎ ስሙን ሳይጠራ ያልፋል። በ1980 ሲሞ ፓርፖላ የሚባል የፊንላንድ ምሁር ከነነዌ የወጣ አንድ የተሰበረ ደብዳቤ እንደገና ሲያነብ የሤራው መሪ ስም ወጣ፣ አርዳ ሙሊሱ፣ የአደራሜሌክ ስም ምንጭ። ሁለት ሺህ ምናምን ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ያንን ስም ይዞ ቆይቷል ማለት ነው።

የለኪሶው ቅርጽ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድሮ አለ። ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው የሰናክሬም ፊት ግን ጠፍቷል፣ በጥንት ጊዜ ሆን ብሎ ሰው ፈልፍሎታል፣ ነነዌ በ612 ስትወድቅ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ከሱ ወደ ግራ ስትሄዱ ሰልፉ አለ፣ ዕቃ የተሸከሙ ወንዶች፣ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ነጠላ መሰል ነገር የለበሱ ሴቶች፣ በሬ የሚጎትተው ጋሪ ላይ ከነጓዛቸው የተቀመጡ ልጆች። የነሱ ፊት አለ።